ያቺ ሩቅ መስመር፦ ጣና ዳር ቁጭ ብለን የምናያት አድማስ ምንድናት?

ወደ ዘጌ እየሄድን ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ጣናን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፣ ጠዋት እንደ መስታወት ለጥ ብሎ የነበረው ውሃ 8 እና 9 ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ይነሳና ጀልባውን ያንገላታዋል። አጠገቤ አንዲት እናት ነበሩ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሊሳለሙ የሚሄዱ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ዓይናቸውን የጀልባው ወለል ላይ ተክለው ቁጭ ብለዋል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። ካፒቴኑ ከኋላ ሆኖ አያቸውና "እማማ፣ ወለሉን አይዩ፣ ያቺን መስመር ይዩ፣ ሰማዩና ውሃው የተገናኙበትን፣ ዓይንዎን ከሷ አያንሱ" አላቸው። እሳቸውም ቀና ብለው ወደ ሰሜን፣ ወደ ሰፊው ውሃ ማየት ጀመሩ። ዘጌ ሳንደርስ ነጠላውን ከአፋቸው አውርደው የልጅ ልጆቻቸውን ነገር ያጫውቱኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ያቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳየኋት ቁጥሩን አላውቀውም፣ ሲጨንቀኝ ሄጄ አይቻታለሁ፣ ደስ ሲለኝ ሄጄ አይቻታለሁ፣ እንዲሁ ያለምክንያትም ሄጄ አይቻታለሁ፣ ግን ምን እንደሆነች ቁጭ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እስኪ አስቡት፣ እዚያ ጋ ምንም የለም እኮ። የሚሸጥ ነገር የለም፣ የሚጠብቀን ሰው የለም፣ ሆኖም ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሐይቁ ዳር ሂዱና እዩ፣ ፍቅረኞቹም፣ ብቻውን የተቀመጠው ሽማግሌም፣ ቡና የምታፈላው ልጅም ሥራ ሲቀልላት፣ ሁሉም ፊቱ ወደዚያው ነው።

መጀመሪያ መስመሯን እንያት። መሬት ድቡልቡል ነች፣ ይሄን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል፣ ግን የተማርነውን ከጣና ጋር አገናኝተን አናስበውም፣ ምክንያቱም ጣና ለዓይናችን ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ምጣድ። ጠፍጣፋ አይደለም። የውሃው ገጽ የመሬትን ክብነት ተከትሎ ቀስ እያለ ወደታች ይጎብጣል፣ እኛ የቆምንበት ቦታ ላይ ሆነን ቀጥ ብለን ስናይ ዕይታችን እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ውሃው ግን ከሥሩ እየጎበጠ ይወርዳል፣ የሆነ ቦታ ላይ ዕይታችን ውሃውን ታክኮት ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ውሃ ከጉብታው ጀርባ ስለሆነ አይታይም። ያቺ ዕይታችን ውሃውን ለመጨረሻ ጊዜ የነካባት ቦታ ነች አድማስ የምንላት። ውሃው እዚያ አያልቅም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ከኛ ተሰውሯል እንጂ።

ስንት ኪሎ ሜትር ትርቃለች? ይሄ ለኔ ትልቁ ድንጋጤ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ዓይናችሁ ከውሃው በላይ ስንት ሜትር ከፍ እንዳለ ውሰዱ፣ የዚያን ስኩዌር ሩት አውጡ፣ በ3.57 አባዙት፣ መልሱ በኪሎ ሜትር ይመጣል። ውሃው ጫፍ ላይ ቆሞ ዓይኑ 1.6 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰው አድማሱ 4 ተኩል ኪሎ ሜትር ላይ ነው። በቃ፣ 4 ተኩል! ማለቂያ የሌለው የሚመስለን፣ ልባችንን ይዞት የሚሄደው ርቀት በእግር አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። አየሩ ብርሃንን ትንሽ ስለሚያጎብጠው በተግባር ከዚህ ጥቂት ይርቃል፣ ያም ሆኖ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

ከፍ ባላችሁ ቁጥር ይርቃል፣ ግን እኩል አይደለም የሚርቀው፣ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ከፍታውን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ 10 ሜትር ከፍ ብላችሁ ከሆነ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከውሃው 100 ሜትር ከፍ ያለ ኮረብታ ላይ ከሆናችሁ 36 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ቤዛዊት ላይ ወጥታችሁ ከተማውንና ሐይቁን አንድ ላይ ስታዩ ሐይቁ ድንገት የሰፋ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው፣ እውነትም ሰፍቷል፣ የምታዩት ውሃ ጨምሯል። 10 ሺህ ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን መስኮት ላይ ያለ ሰው ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር አልፎ ያያል።

አንድ ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው "ታዲያ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,788 ሜትር ላይ አይደል እንዴ ያለው፣ የኛ አድማስ ከምፅዋ አድማስ መራቅ ነበረበት" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ቆም ብዬ አሰብኩበት። መልሱ አይደለም ነው፣ ምክንያቱም ከኛ ጋር ውሃውም አብሮ ከፍ ብሏል። የሚቆጠረው ፊታችን ካለው ገጽ በላይ ያለው ከፍታ ብቻ ነው፣ ምፅዋ ባሕሩ ዳር የቆመ ሰውና ባሕር ዳር ጣና ዳር የቆመ ሰው ቁመታቸው እኩል ከሆነ አድማሳቸውም እኩል ነው። ልዩነቱ አየሩ ላይ ነው፣ እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ብርሃኑን የሚያጎብጠው ከባሕር ጠለሉ ትንሽ አነስ ባለ መጠን ነው።

አሁን የምነግራችሁን ስሌት መጀመሪያ ሳወጣው ተሳስቻለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ይባላል። ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ ድረስ ፍጹም ቀጥ ያለ ገመድ ወጠርን እንበል፣ በሐሳብ ማለቴ ነው። መሃል ላይ ሲደርስ ገመዱ ከውሃው ገጽ በታች ስንት ሜትር ይሆናል? 138 ሜትር። የጣና ጥልቀት ደግሞ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ወይ 15 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚ ያ ቀጥ ያለ ገመድ ውሃውን በስቶ፣ የሐይቁን ወለል አልፎ፣ ከ120 ሜትር በላይ አለት ውስጥ ገብቶ ነው የሚያልፈው። ለጥ ያለ የሚመስለን ሐይቃችን የራሱን ጥልቀት ዘጠኝና አሥር እጥፍ የሚሆን ጉብታ ነው ማለት ነው፣ ዓይናችን ስር፣ በየቀኑ።

ጎርጎራ የማይታየንም ለዚሁ ነው። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በቀጥታ መስመር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው በዚያ ርቀት ላይ ያለ ነገር የታችኛው 300 ሜትር ምናምኑ ከጉብታው ጀርባ ተደብቋል፣ ስለዚ መነጽር ብትይዙም፣ የስልካችሁን ካሜራ ዙም ብታደርጉትም የጎርጎራን ዳርቻ አታመጡትም። መስከረም ላይ ዝናቡ አየሩን ካጠበው በኋላ ግን ከዚያ ወዲያ ካሉት ከፍ ካሉት ተራሮች ጫፍ ጫፋቸው ሊታይ ይችላል፣ እግር የሌላቸው ተራሮች፣ ወገባቸው ድረስ ውሃ የገቡ ይመስላሉ። በጀልባ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሄደም ሰው ይሄንኑ አይቶታል፣ መጀመሪያ የሚመጣው ዛፍ የለበሰው የኮረብታው ራስ ነው፣ ዳርቻው ቆይቶ ነው ከውሃው ብቅ የሚለው።

ይቺ መስመር ለማየት ብቻ ሳትሆን ለመለካትም አገልግላለች። በ11ኛው ክፍለ ዘመን አል-ቢሩኒ የሚባል ሊቅ ዛሬ ፓኪስታን በሚባለው አገር ናንዳና የሚባል ምሽግ አጠገብ ያለ ተራራ ላይ ወጣ። የተራራውን ከፍታ አስቀድሞ ለክቶታል፣ ከላይ ሆኖ ደግሞ አድማሱ ከዓይኑ ትክክለኛ ደረጃ ስንት ዲግሪ ዝቅ እንዳለ ለካ፣ ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ የመላዋን መሬት መጠን አወጣ፣ ያገኘውም ዛሬ ከምናውቀው 6,371 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ እጅግ የቀረበ ነበር። መርከበኞችም ለብዙ ዘመን ከጂፒኤስ በፊት የኮከቦችንና የፀሐይን ከፍታ የሚለኩት ከአድማስ ተነስተው ነው፣ ማንም ሳይሠራት ሁሌም ቀጥ ብላ የምትጠብቃቸው መሥመሪያ እሷ ነበረች።

ስለ ፀሐይ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፣ መቼም ጣና ዳር የሚሰበሰበው ሕዝብ ግማሹ ለሷ ነው የሚመጣው። በአማርኛ ፀሐይ "ጠለቀች" እንላለን፣ ዋናተኛም ውሃ ውስጥ ሲገባ ጠለቀ ነው የምንለው፣ ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ይሄ ቃል ልክ ነው። ግን ፀሐይዋ ታች ጫፏ መስመሯን ነክቶ ስታዩ፣ ቀይ ሆና፣ ክብ ሆና፣ በዚያች ቅጽበት ትክክለኛዋ ፀሐይ ከአድማስ በታች ገብታ ጨርሳለች። አየሩ ብርሃኗን አጉብጦ ከፍ አድርጎ ነው የሚያሳየን፣ አድማስ ላይ ይሄ ማጉበጥ ከግማሽ ዲግሪ ይበልጣል፣ የፀሐይ ስፋት ደግሞ ራሱ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚ የምናየው የሄደችውን ነው፣ አየሩ ለሁለት ደቂቃ ጨምሮ ይዞልናል።

ቀላ የምትለውስ ለምን ነው ቢባል፣ ብርሃኗ በዚያ ሰዓት ጥግ ጥጉን በጣም ረጅም አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ሰማያዊው በመንገድ ላይ ተበትኖ ያልቃል፣ ቀዩና ብርቱካኑ ይተርፋል። በበጋ አቧራና ጭሱ ሲጨመርበት ይበረታል።

ከዓመት ዓመት አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ ካያችሁ ደሞ ፀሐይዋ የምትጠልቅበት ቦታ እንደሚንቀሳቀስ ታስተውላላችሁ፣ ታኅሣሥ ላይ ከትክክለኛው ምዕራብ ወደ ደቡብ፣ ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን፣ ከጫፍ ጫፍ 48 ዲግሪ ያህል ነው የምትመላለሰው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን ብትለኩበት ጭብጡ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስለዚ አምስት ጭብጥ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። የኛ ችግር ሰኔ ላይ ወደ ሐይቁ በኩል ስትመጣልን ክረምቱ ደመናውን ይዞ ይገባል።

ሕዳርና ታኅሣሥ ብርዱ ሲጠና ማለዳ ተነስታችሁ ወደ ሐይቁ ብትወርዱ ሌላ ነገር ታያላችሁ፣ ሩቅ ያሉት ደሴቶችና ዛፎች ከውሃው ተነስተው አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ፣ በሥራቸው ቀጭን ብሩህ ክፍተት አለ። ሌሊቱን አየሩ ቀዝቅዟል፣ ውሃው ግን ሙቀቱን ይዟል፣ ስለዚ ከውሃው ጋር የተነካካው ቀጭን የአየር ንጣፍ ሞቃት ከላዩ ያለው ቀዝቃዛ ይሆናል፣ ብርሃን በዚያ ሲያልፍ ወደላይ ይታጠፋል፣ ዓይናችንም ዳርቻው መሆን በነበረበት ቦታ የሰማዩን ነጸብራቅ ያያል። አስፋልት ላይ በቀትር ውሃ የሚመስለን ነገር ራሱ ነው። ልጅ ሆኜ ይሄን ሳይ ደሴቱ በሌሊት ይሄዳል ብለው የነገሩኝ ነበሩ፣ እኔም አምኜ ነበር።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። ሆዳቸው ለምን ተረጋጋ? በጆሯችን ውስጥ፣ ከመስማት ክፍሉ አጠገብ፣ ፈሳሽ የሞላባቸው ትንንሽ ቱቦዎችና ከረጢቶች አሉ፣ ጭንቅላታችን ሲያዘነብል፣ ሲዞር፣ ከፍ ዝቅ ሲል ለአእምሮ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። እማማ የጀልባውን ወለል ሲያዩ ወለሉ ከሳቸው ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ዓይናቸው "ቁጭ ብለናል፣ የተንቀሳቀሰ ነገር የለም" ይላል፣ ጆሯቸው ደግሞ "ኧረ እየተንከባለልን ነው" ይላል። አእምሮ ሁለት የማይስማሙ ወሬዎች ይደርሱታል፣ ለምን ማቅለሽለሽ እንደሚያመጣ ሳይንቲስቶች የተለያየ ነገር ይላሉ፣ ከዚህ ያለመስማማት እንደሚነሳ ግን ብዙዎቹ ይስማማሉ። አድማስን ሲያዩ ግን እሷ አትንቀሳቀስም፣ ጀልባው ሲያዘነብል ከሷ አንጻር ማዘንበሉ ለዓይንም ይታያል፣ ዓይንና ጆሮ አንድ ወሬ ማውራት ይጀምራሉ። ካፒቴኑ "ዓይንዎን ከሷ አያንሱ" ያለው ለዚህ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ከሚናወጥ ነገር መሃል የማትናወጠው እሷ ብቻ ነች።

ለኔ ከዚህ ቀጥሎ የሚያሳምነኝ የዓይን ጡንቻው ነገር ነው። በዓይናችን ውስጥ ሌንሱን ከቦ የያዘ ትንሽ ቀለበት የመሰለ ጡንቻ አለ። ቅርብ ያለ ነገር ስናይ፣ ስልክ፣ መጽሐፍ፣ መርፌና ክር፣ ይሄ ጡንቻ ይኮማተርና ሌንሱን ያወፍረዋል። ሩቅ ስናይ ይላቀቃል፣ ይተኛል። ከ6 ሜትር በላይ የራቀ ነገር ስናይ ጡንቻው ሥራ ፈቷል ማለት ይቻላል። ሁለቱ ዓይኖቻችንም ቅርብ ስናይ ወደ አፍንጫችን ይሳባሉ፣ ሩቅ ስናይ ግን ጎን ለጎን ቀጥ ይላሉ። እስኪ ቀናችሁን አስቡት፣ ቢሮ ኮምፒውተር፣ ባጃጅ ውስጥ ስልክ፣ ቤት ስትገቡ ቲቪ፣ አልጋ ላይ ደግሞ ተመልሶ ስልክ፣ ያ ትንሽ ጡንቻ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ተጨበጠ እጅ ነው የሚውለው። "ዓይኔን ላሳርፍ" ብለን ወደ ሐይቁ ስንወጣ ምሳሌያዊ አነጋገር ይመስለን ይሆናል፣ ቃል በቃል እውነት ነው፣ ያረፈ ጡንቻ አለ።

ወላጆች አንዳንዴ የሚሉትን እዚህ ላይ ላስተካክል፣ ልጆች ውጭ ሲውሉ ዓይናቸው የሚጠበቀው ሩቅ ስለሚያዩ ነው ይባላል። ውጭ ብዙ የሚውሉ ልጆች ሩቅ ማየት የሚያስቸግረው የዓይን ችግር እንደሚቀንስላቸው ጥናቶች ያሳያሉ፣ ግን ዋናው ምክንያት የቀን ብርሃኑ ብዛት ሳይሆን አይቀርም፣ ርቀቱ ራሱ ያለው ድርሻ ያን ያህል አልተረጋገጠም። ለማንኛውም ልጆቹን አውጧቸው፣ ሐይቁ ዳር ሁለቱም አለ።

ከጡንቻው አልፎ ወደ ስሜቱ ስንመጣ ሐሳቦቹ ይበዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ጄይ አፕልተን የሚባል የእንግሊዝ የጂኦግራፊ ምሁር ያቀረበው አለ፣ ሰው የሚወደው መልክዓ ምድር ራሱ ሳይታይ ሩቅ ማየት የሚችልበትን ነው ይላል፣ ፊት ለፊት ክፍት፣ ከኋላ መጠጊያ። የጥንት ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አውሬውንም ጠላቱንም ቀድሞ ያያል፣ ስለዚ ደህና ነኝ የሚል ስሜት ይሰጠዋል ነው ነገሩ። ስለ ጥንት ሰው ስሜት የሚነገር ነገር ማረጋገጫው አስቸጋሪ ነው፣ ግን ሐይቁ ዳር ሄዳችሁ ሰው የት እንደሚቀመጥ ካያችሁ አፕልተን ትዝ ይላችኋል። ባዶ ሜዳው መሃል የሚቀመጥ የለም። መጀመሪያ የሚያዘው ቦታ የትልቁ ዋርካ ግንድ ስር ነው፣ ጀርባ ለግንዱ፣ ጥላው ከላይ፣ ፊት ወደ ውሃው። ዋርካው ስር ቦታ ካጣ ግንብ ይፈልጋል፣ ግንቡም ከተያዘ ቢያንስ ከጓደኛው ጋር ጀርባ ለጀርባ ይደገፋል።

ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ባልና ሚስት ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን ደሞ ስለ ትኩረት ድካም ጽፈዋል። ሥራ ስንሠራ፣ ፈተና ስናጠና፣ ትራፊክ ውስጥ ስንነዳ ትኩረታችንን በግድ ነው የምንይዘው፣ ሌላውን ሁሉ እየከለከልን፣ ይሄ ደሞ ያልቃል እንደ ባትሪ። የሚሞላው ቀስ ብለው በሚይዙን ነገሮች ነው ይላሉ፣ ደመና፣ ማዕበል፣ የሚወዛወዝ ቅጠል፣ ዓይንን ይይዛሉ ግን አያስገድዱም፣ እያየናቸው ሌላ ሐሳብ ማሰብ እንችላለን። ጣና ላይ የሚሆነው ይሄው ነው፣ አንዲት ታንኳ ቀስ እያለች ታልፋለች፣ ሻላዎቹ መስመር ሠርተው ውሃውን ታክከው ይበራሉ፣ የደመና ጥላ ይሻገራል፣ ምንም አያጣድፍም። ሰው ከዚያ ሲመለስ የከበደውን ጉዳይ አስቦ ጨርሶ የሚመለሰው ለዚህ ይመስለኛል።

ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ጥናት ደግሞ ብዙ ይጠቀሳል። አሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ሐሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን የተደረጉ 46 ሰዎችን መዝገብ አየ፣ ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ዛፍ ያሳያል፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቶሎ ወጡ፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ዛፍ እንጂ አድማስ አይደለም፣ ሰዎቹም ጥቂት ናቸው፣ ስለዚ ከሚገባው በላይ አላጋንነውም። ግን እናቴ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ መስኮቱ ፊት ለፊት ግንብ ነበር፣ በተሻላት ቀን የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ውሃውን አሳዩኝ" የሚል ነበር፣ ደግፈናት ሐይቁ ዳር ወሰድናት፣ አንድም ቃል ሳትናገር ግማሽ ሰዓት አየች። ያን ቀን ያየሁትን ፊቷን ማንም ጥናት ባይነግረኝም አውቀዋለሁ።

ሌላው መደመም ነው። ዳከር ኬልትነርና ጆናታን ሃይት እ.ኤ.አ. በ2003 ስለዚህ ስሜት ሲጽፉ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል ብለው ነበር፣ አንደኛ ከኛ እጅግ የገዘፈ ነገር ፊት መሆን፣ ሁለተኛ ያ ነገር አስቀድመን ባለን ግንዛቤ ውስጥ አልገባ ማለቱ። ሰው በዚያ ስሜት ውስጥ ሲሆን ራሱን ትንሽ አድርጎ ያያል፣ ግን አያስከፋውም፣ የሚከብደው ጭንቀቱ አብሮ ያንሳል። እናቶቻችን ሐይቁን ሲያዩ "አቤት የእግዜር ሥራ" የሚሉት እዚህ ጋ ነው። እኔ ደግሞ ስሌቱን ካወቅኩ በኋላ ይቀንስብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ 4 ተኩል ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኗን ሳውቅ፣ አልቀነሰም፣ እንዲያውም የመሬትን ጉብታ በዓይኔ በብረቱ የማይባት ቦታ ይቺ መሆኗን ሳውቅ ባሰብኝ።

ለዚህም ነው ክፍት ዳርቻ የሚያሳስበኝ። ሰው ሳይከፍል፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቆሎውን ይዞ የሚቀመጥበት የሐይቅ ዳር ሲቀንስ የሚጠፋው ቦታ ብቻ አይመስለኝም። አንድ ረጅም አጥር ከመንገዱ ወገን ለቆመ ልጅ አድማሱን 4 ተኩል ኪሎ ሜትር ከነበረበት ወደ አምስት ሜትር ያመጣዋል። ከተማ ይደግ፣ ሆቴልም ይሠራ፣ ግን በየመሃሉ እስከ ውሃው የሚያደርስ ሰፊ ክፍተት ይኑር ነው የምለው።

አድማስ የየራሳችን መሆኗን የገባኝ ግን ከመጽሐፍ አይደለም። ባለፈው የስድስት ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ ማለዳ ውሃው ረግቶ ሳለ ሐይቁ ዳር ሄድን፣ መነጽር ይዘናል፣ አንዲት ታንኳ ወደ ሰሜን እየራቀች ነበር። ተራ በተራ እናያለን። እሷ ዓይኗ ከውሃው በላይ 1.1 ሜትር ላይ ነው፣ አድማሷ 3.7 ኪሎ ሜትር፣ የኔ 4 ተኩል፣ ማለትም ስምንት መቶ ሜትር የሚሆን ውሃ እኔ አያለሁ እሷ አታይም። ታንኳዋ መጀመሪያ ደንገሏ ጠፋ፣ ከዚያ የቀዛፊው ወገብ፣ ከዚያ "አጎቴ፣ ሰውየው ገባ፣ ሰመጠ!" ብላ መነጽሩን ወረወረችልኝ፣ ደንግጣለች።

አየሁ። ቀዛፊው ራሱና ትከሻው አሁንም ይታየኛል፣ መቅዘፊያው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ብልጭ ይላል።

"አልሰመጠም እናቴ፣ እያየሁት ነው" አልኳት።

"የለም ስልህ! እኔ አይቻለሁ!"

አንስቼ ትከሻዬ ላይ አስቀመጥኳት፣ መነጽሩን ሰጠኋት። ዝም አለች። ቆይታ እግሮቿን ደረቴ ላይ መታ መታ እያደረገች "ወጣ፣ አጎቴ፣ ወጣ፣ እየቀዘፈ ነው" አለች። እኔ በዚያን ጊዜ በባዶ ዓይኔ ከመስመሯ በስተቀር ምንም አይታየኝም ነበር፣ እሷ ግን ከኔ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ አልፋ እያየች ያየችውን ትነግረኝ ጀመር።